የምርቃት ድግስ በግቢ፣ በክረምት

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ድግሱን ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ለማድረግ አስበናል። ባለቤቴ ክረምት ስለሆነ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተን እንገላገል ይላል። እኔ ግን ያደገችበት፣ ለፈተና ስትዘጋጅ ጥግ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ያጠናችበት ግቢ እያለ ሌላ ቦታ መደገስ አልሆነልኝም። ግቢያችን 7 ሜትር በ9 ሜትር ነው። የእንግዶቹን ስም ስጽፍ 120 ደረሰ። ድንኳን አከራዩ ኮኩ ካልተቆረጠ ድንኳኑ አይተከልም አለኝ። አማቴ በሬ ካልታረደ ድግስ አይባልም ይላሉ። ዘመዶቼ ጾም አጥባቂዎች ናቸው፤ በሁለቱም አጥር በኩል ያሉት የረጅም ዘመን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሙስሊሞች ናቸው፤ ማንም ቅር ብሎት እንዲሄድ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?» የተመራቂ እናት፣ ከኮተቤ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ልጅን ለዚህ ማዕረግ ማብቃት የስንት ዓመት ድካም እንደሆነ የሚያውቀው ያሳደገ ነውና፣ ደስታዎን በራስዎ ደጃፍ ማየት መፈለግዎ የሚገባ ነው። ሐሳቤን ሳላዘገይ ልንገርዎት፤ በግቢዎ ይደግሱ። ነገር ግን ባለቤትዎ «እንገላገል» ያሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በብዙ ቤት እንደሚታየው እናት ድግሱን ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ታየዋለች፤ እንግዳው ሲሰናበት «የት ነበርሽ፣ ሳላይሽ ልሄድ ነው» ይላታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምመክርዎትን ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ባደርግ በዕለቱ ከእንግዶቼና ከልጄ ጋር መቀመጥ እችላለሁን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ነገሩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ይቅርብዎት።

የሚጀመረው ከቁጥሩ ነው። ግቢዎ 63 ካሬ ሜትር ነው። በሐምሌ ደግሞ እንግዳ የሚቀመጠው በግቢው ሁሉ ሳይሆን ከድንኳኑ ሥር ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ካልሸፈነው ቦታ ላይ ወንበር መደርደር ከንቱ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ይዞ ለሚበላ እንግዳ፣ ከመተላለፊያው ጋር ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 5 በ8 ሜትር የሆነ ድንኳን ቢተክሉ 40 ካሬ ሜትር ያገኛሉና 40 ሰው ሳይጣበብ ይቀመጣል፤ ቡፌውን ከድንኳኑ አውጥተው በረንዳው ላይ ካደረጉት ማለቴ ነው። ሳሎንዎ አሥር ያህል አረጋውያንን ይይዛል ብዬ ልገምት። እንግዲህ ግቢዎ በአንድ ጊዜ 50 ሰው በክብር ያስተናግዳል፤ 120 ሰው ግን ከጠሩ ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ ደግሞ የቆመውን እያየ በሐፍረት ይበላል።

ይህ ማለት ሰባ ሰው ይሰረዝ ማለት አይደለም። ድግሱን በሁለት ወገን ይክፈሉት። ዘመድ፣ የእድር ሰዎች፣ ጎረቤትና የንስሐ አባት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ይጠሩ፤ የልጅዎ ጓደኞች፣ አብሮ አደጎቿና የእናንተ የሥራ ባልደረቦች ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይምጡ። በመካከል ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ሳህን ለማጠብ፣ ወለሉን ለመጥረግና እርስዎም ልብስዎን ለመቀየር ይበቃል። በአዲስ አበባ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ አረጋውያኑ ከመጥለቅለቁ በፊት ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ ወጣቶቹ ዝናቡ ቢያገኛቸውም ይችሉታል፣ እንዲያውም ይጨፍሩበታል። ይህ አከፋፈል 100 ሰው ያስተናግድልዎታል። የቀሩት ሃያዎቹ እነማን እንደሆኑ ዝርዝሩን ገልጠው ይመልከቱ፤ አብዛኞቹ «ካልጠራኋቸው ይቀየማሉ» ብለው የጻፏቸው ሰዎች ይሆናሉ። እነርሱን በሚቀጥለው ሳምንት ከልጅዎ ጋር ቤታቸው ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው፣ ወይም ለቡና ብትጠሯቸው፣ በድንኳን ጥግ ተገፍተው ከሚበሉት የበለጠ ይከበራሉ። ጥሪው ላይ ሰዓቱን በግልጽ ይጻፉ፤ በቃል ሲጠሩም ሰዓቱን ደግመው ይንገሩ፤ ያለዚያ ሁሉም 7 ሰዓት ላይ ይገናኛል።

ስለ ቀኑ፣ ለጾም አጥባቂ ዘመዶችዎ የሚበጀው መልስ ከምግብ ዝርዝሩ በፊት በቀን መቁጠሪያው ላይ ይገኛል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሐምሌ 5 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ ፍልሰታን ሕፃናት ሳይቀሩ እንደሚጾሙት ያውቃሉ። ስለዚህ ያለዎት ጊዜ ከሐምሌ 6 እስከ ሐምሌ 30 ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ሲያወጡ እሑድ ከሁሉ ይመቻል። ዘመዶችዎ ቅዳሴ አስቀድሰው ይመጣሉ፤ ፍስክ ነውና ማንም «ጾም ነኝ» ብሎ እጁን አይሰበስብም። በዚያ ወር ብዙ ቤት ለምርቃት ስለሚደግስ ግን ድንኳኑን፣ ወጥ ሠሪዋንና እንጀራ አቅራቢዋን አሁኑኑ ይያዙ። ቀብድ ሲከፍሉ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የድንኳኑን ልክ በወረቀት ያጽፉ። የእድርዎ ድንኳንና ወንበር ለደስታም የሚሰጥ ከሆነ በመጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ፤ ዋጋው ይቀላል፣ ተሸካሚውም የሰፈር ሰው ነው።

ኮኩን አይቁረጡት። ድንኳን አከራዩ ዛፉ ይቆረጥ ያለው 6 በ9 የሆነውን ትልቁን ድንኳን አስቦ ይመስለኛል፤ የነገርኩዎትን 5 በ8 ቢያመጣ ግን በአንድ በኩል የ2 ሜትር መስመር ይተርፋል፤ ዛፉም ጥጉን ይዞ ይቆማል፤ ወጪና ገቢውም በዚያ ያልፋል። ለአንድ ቀን ጥላ ብሎ የዓመታት ዛፍ መጣል ያሳዝናል፤ ለልጅዎም የሚቀርላት ትዝታ ጉቶው ይሆናል። ድንኳኑ ሲተከል እርስዎ ወይም ባለቤትዎ በቦታው ይገኙ። ጣሪያው ሳይረግብ መወጠሩን ያረጋግጡ፤ የረገበ ሸራ ውኃ ያቁርና በድንገት እንግዳ ላይ ይዘረግፈዋል። በዳርና ዳሩ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያላት ቦይ አስቆፍረው ወደ ውጭ ማፍሰሻው ያገናኟት። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጠጠር አስበትነው ያስጠቅጥቁት፤ ሣር ብቻ ከሆነ በረጋጭ ብዛት ጭቃ መሆኑ አይቀርም። ቄጠማ መጎዝጎዝ የደስታችን ምልክት ነውና ይጎዝጉዙ፤ ግን በሳሎኑና በበረንዳው ላይ ይሁን፤ እርጥብ መሬት ላይ ሲሆን ያዳልጣል፣ አረጋዊ ይጥላል።

ስለ ድንኳኑ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። ዝናቡ ሲጠነክር ሰዎች ብርዱን ፈርተው የድንኳኑን መጋረጃዎች ሁሉ ያወርዱና የቡናውን የከሰል ምድጃ ወደ መካከል ያስገቡታል። የከሰል ጭስ ባይታይም በተዘጋ ቦታ የሚያፍን፣ ሰው የሚገድል ጋዝ አለው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ከድንኳኑ አንዱ ጎን ምንጊዜም ክፍት ይሁን። የኤሌክትሪክ ገመድም መሬት ለመሬት አይሂድ፤ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ማከፋፈያው ዝናብ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ። ለሚበርዳቸው አረጋውያን አራት አምስት ጋቢ አጥበው ያዘጋጁ፤ ከለስላሳ በፊት ትኩስ ሻይ በዝንጅብል ይቅረብላቸው። በክረምት ድግስ ላይ እንግዳ ሲገባ ከሚያገኛቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

አሁን ወደ አማትዎ እና ወደ በሬው ልምጣ። አማትዎ የሚሉት የልጅ ልጃቸው ክብር በሰው ፊት እንዲታይ ነው፤ ይህን ፍላጎታቸውን አያቃልሉት። ይሁን እንጂ በ63 ካሬ ሜትር ግቢ፣ ያውም በዝናብ፣ በሬ ማረድ አይሆንም። ደሙና ፈርሱ ከጎርፉ ጋር ወደ ጎረቤት ይወርዳል፤ ብልት ማውጣቱ የብዙ ወንዶችን ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሥጋውም ያን ያህል የሚይዝ ቀዝቃዛ ማቆያ በሌለበት ቤት ያድራል። ከዚህም በላይ ግቢ ውስጥ የታረደ ሥጋ ሐኪም አያየውም። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ይቀርባል ካሉ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። በቄራ ታርዶ የተመረመረና ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ ከሚያምኑት ሥጋ ቤት አስቀድመው ይዘዙ፤ ምርመራው ከትሉ ፈጽሞ ነጻ ያደርጋል ባይባልም ከምንም ይሻላልና፣ ለሚጠራጠር እንግዳ ክትፎው በደንብ ይብሰልለት። ክትፎ የሚቀርበውም እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ በየጥቂቱ ተሠርቶ እንጂ ከማለዳ ጀምሮ በጎድጓዳ ሳህን ተከምሮ አይሁን።

ለአማትዎ ይህን የሚነግሯቸው ግን እርስዎ ሳይሆኑ ባለቤትዎ ይሁኑ፤ ልጃቸው ናቸውና ከእርሳቸው አፍ ሲሰሙት አይከብዳቸውም። አብረውም የሚበልጥ ክብር ይስጧቸው፤ ድፎ ዳቦውን የሚያስጋግሩት፣ የንስሐ አባት ከባረኩት በኋላ ቆርሰው ለልጅዎ የመጀመሪያውን የሚያጎርሱትና ከአረጋውያኑ ጋር የሚመርቁት አማትዎ ይሁኑ። በሬው እንግዳ ሁሉ የሚያየው የእርሳቸው ወግ እንዲሆን ተፈልጎ ከሆነ፣ ዳቦውና ምርቃቱ ያንን ያሟላሉ።

ምግቡን አያብዙት። አሥራ አምስት ዓይነት ወጥ ያለበት ቡፌ ሠሪውን ያደክማል፤ እንግዳው ከሁሉም ማንኪያ ማንኪያ አንሥቶ ሳህኑ ላይ ይቀላቅለዋል፤ ግማሹም ይደፋል። ከፍስኩ ዶሮ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስና ጥቂት ክትፎ በአይብ ይበቃል፤ ከጾሙ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ በካሮትና ሰላጣ ይኑር። ዕለቱ የፍስክ ቢሆንም የጾሙን ወጥ እንዳይተዉት፤ ሱባኤ የያዘ፣ ሐኪም ሥጋና ቅባት የከለከለው፣ ወይም ሥጋ የማይወድ እንግዳ አይጠፋም። የጾሙ ድስት ቅቤ የነካው ማማሰያ አይግባበት፤ ለብቻው ጠረጴዛ ይቀመጥለት። ልኩን በተመለከተ፣ አንድ ዶሮ 12 ብልት ነውና ለ100 ሰው 9 ዶሮ 108 ብልት ይሰጣል፤ እንቁላሉም በሰው ልክ ይቀቀላል። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይያዙ። የበሬ ሥጋ ለሚበላው ሰው 200 ግራም ያህል፣ እንጀራ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ቢያስቡ አያሳፍርዎትም። ቁሌቱ ዓርብ፣ ዶሮ ወጡ ቅዳሜ ይሠራ፤ ዶሮ ወጥ በማግሥቱ ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም፤ ሲቀዘቅዝ ግን በትልቁ ድስት ከማቆየት ወደ ትናንሽ ዕቃ ከፍለው ፍሪጅ ያስገቡት፤ እሑድም እስኪፈላ ድረስ ያሙቁት። ጥብሱና ጎመኑ የዕለቱ ይሁን። ለሁለተኛው ወገን የሚቀርበው ከመጀመሪያው የተረፈው እንዳይሆን አደራ፤ ከድስቱ ግማሹ ሳይነካ ተለይቶ ይቀመጥላቸው።

ስለ ሙስሊም ጎረቤቶችዎ ያሳሰበዎት ነገር ክብር ይገባዋል። መጀመሪያ ጥሪውን በካርድ ወይም በስልክ ሳይሆን እርስዎና ባለቤትዎ ቤታቸው ገብተው ያድርሱ። ከዚያም በግልጽ ይጠይቋቸው፤ «ለእናንተ የሚሆነውን ማን ይረድልን፣ ማን ይሥራልን?» ይበሉ። በሰፈሮቻችን የኖረው ልማድ በጉን ወይም ዶሮውን ገዝቶ ለሙስሊም ጎረቤት መስጠት፣ እነርሱ ባርከው አርደው በራሳቸው ድስት እንዲሠሩት ማድረግ ነው። ወጪው የእርስዎ ይሁን፤ ድስቱ፣ ሳህኑና ጭልፋው የእነርሱ ይሁን። ሲመጡ ግን ምግባቸው ተለየ ብለው ሰዎቹን እንዳይለዩ። «የሙስሊም» ተብሎ ድንኳን ጥግ የተገፋ ጠረጴዛ ያስከፋል። ምግባቸው ከቡፌው አጠገብ በራሱ ጠረጴዛ በክብር ይቀመጥ፤ እነርሱ በድንኳኑ መካከል ከዘመድዎ ጋር ይቀመጡ፤ በአጠገባቸው ቢራና ጠጅ አይደርደር። ለሶላት ቤታቸው ደርሰው እንዲመለሱ ሰዓቱን ያስቡላቸው፤ ምርቃቱ እነርሱ በሌሉበት እንዳይሆን። ልጅዎን አብረው አሳድገዋታልና ከመራቂዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ከእነርሱ ቢሆኑ እጅግ ያምራል።

መጠጡ ብዙ ሐተታ አያሻውም። ለስላሳው፣ ቢራውና ውኃው ተደምሮ ለአንድ ሰው ሦስት ጠርሙስ ይያዙ፤ በአንድ ሳጥን 24 ስላለ ለ100 ሰው 12 ወይም 13 ሳጥን መሆኑ ነው፤ ያልተከፈተውን እንዲመልሱ ከነጋዴው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ጠጅ ከተፈለገ በክረምቱ ቅዝቃዜ ዘግይቶ ስለሚበስል ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይጣል፤ ለማይጠጡት ብርዝ ይኑር።

በዕለቱ የሚያስቀምጥዎት ወይም የሚያስሮጥዎት የሰው አደላደል ነው። በጥንቱ ግብር ቤት እንግዳውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ አጋፋሪ ነበር፤ ለእርስዎም እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ታናሽ እህት፣ የባል ወንድም ወይም ደፋር የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። «ጨው የት ነው፣ ሳህን አነሰ፣ መብራት ጠፋ» የሚል ሁሉ ወደዚያ ሰው እንጂ ወደ እርስዎ አይምጣ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከቅዳሜ ማታ ጀምረው አስረክበውት ይደሩ። ባለቤትዎ ድንኳኑን፣ መጠጡንና መኪና ማቆሚያውን ይያዙ፤ ኃላፊነቱ ሲደርሳቸው ስለ አዳራሹ የሚሉት ይቀንሳል። በር ላይ የሚቀበሉ ሁለት ወጣቶች፣ እጅ የሚያስታጥቡ ሁለት፣ ሳህን የሚያነሡ ሦስት ይመደቡ። ወጥ ሠሪዋ ረዳቷን ይዛ እንድትመጣ ይስማሙ እንጂ የቤት ሠራተኛዎን ረዳት አድርገው አይስጧት፤ እርሷ ቤቱን ማየት አለባት፤ ለእርሷም ከደመወዟ ውጭ የድካሟን ይስጧት።

ሮቶውን ቅዳሜ ጠዋት ያስሞሉ፤ እሑድ ውኃ ይመጣል ብሎ የሚደግስ የለም። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ከሆነ ሳሎኑ ውስጥ ለሚቀመጡት አረጋውያን ይተውና፣ ለግቢው እንግዳ ከአንዱ ጎረቤት ይለምኑ፤ በሩ ላይ ብርሃን፣ ሳሙናና ፎጣ ይኑር። መብራት ቢጠፋ የሚሆን ባትሪና ቻርጅ የተደረጉ መብራቶች ያዘጋጁ፤ ጄኔሬተር ከተከራዩ ከድንኳኑ ርቆ፣ ጭሱ ወደ ጎረቤት መስኮት በማይሄድበት ቦታ ይቀመጥ። ድንኳኑ መንገድ የሚነካ ከሆነ ወረዳውን አስቀድመው ያስፈቅዱ። የሙዚቃው ድምፅ ማጉያ ፊቱን ወደ ቤቱ ያዙር፤ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን እንዲቆም ለልጅዎ ጓደኞች ከመጀመሪያው ይነገራቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጅዎን ጠይቀዋታልን? በደብዳቤዎ ውስጥ አማትዎ፣ ባለቤትዎ፣ አከራዩም ሳይቀር ሐሳባቸውን ተናግረዋል፤ የእርሷ ቃል ግን የለም። ምናልባት በሰው ፊት ረጅም ንግግር መስማት ያሳፍራታል፤ ምናልባት ያስተማራትን አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መጥራት ትፈልጋለች፤ ምናልባት ጋዋኗን ለብሳ ከአያቷ ጋር ፎቶ መነሣት ብቻ ይበቃታል። ዛሬ ማታ ዝርዝሩን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ የእርሷን አሥር ሰዎች ትጻፍ፤ የእናንተ ዝርዝር ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በዕለቱም ቡፌው ከመከፈቱ በፊት ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ምርቃትና ንግግር ይሁን፤ የተራበ ሰው ምርቃቱን በልቡ አይሰማውም።

ሰኞ ጠዋት የተረፈው ወጥ ሳይሰነብት በየሳህኑ ተከፍሎ ለታመመ ዘመድ፣ ለጥበቃውና መጸዳጃ ቤታቸውን ላዋሱዎት ጎረቤት ይላክ። የተዋሱት ድስትና ብርጭቆ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይመለስ፤ የተሰበረ ካለ ተገዝቶ ይተካ። የወጥ ሠሪዋንና የአስተናጋጆቹን ክፍያ ግን እስከ ሰኞ አያቆዩት፤ እሑድ ማታ፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ በእጃቸው ይስጧቸው።